ለወንበሩ ብቻ

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ወስፌ በታላቅ ወንድሟ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ እጇን በሳሙና እያሸች ሳለ ስለ እሷ ሲወራ ሰማች። መታጠቢያ ክፍሉና ወጥ ቤቱ ከጣሪያው ሥር አንድ የአየር መውጫ ቀዳዳ ይጋራሉ። ቤቱን የሠራው ግንበኛ ምን አስቦ እንደሆነ እሱ ይወቀው፣ በዚያች ቀዳዳ በኩል ድስት ሲከደንም ሰው ሲታማም እኩል ይሰማል። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞክሯል። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ በጭነት መኪና ጩኸት መሀል ብረትና ሲሚንቶ ሲሸጥ የኖረ ሰው ድምፁን ዝቅ ቢያደርገው የት ሊያደርሰው።

«ለወንበሩ ብቻ ነው የምንወስዳት» አለ። «ወንበሩን ታያለች፣ ትንሽ ነገር ታገኝበታለች፣ እኛ ዋጋ እናስቀንስበታለን። ከዚያ ውጭ አፏን እንዳትከፍት አንቺ ንገሪያት።»

«ስሟስ?» አለች ታናሽ እህታቸው፣ ነርሷ።

«የምን ስም?»

«ውሉ ላይ ነዋ ጋሼ። የአባባ መጋዘን ሲሸጥ ሦስት ነበርን። ውሉ ላይ ያለነው ሁለት ነን።»

ድስት ተከደነ። «ስም ምን ያደርግላታል» አለ ወንድሟ። «ድርሻዋን ወዳና ፈቅዳ ለቤተሰቡ ሰጥታለች የሚል ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፣ ትፈርማለች። ስለ አውሮፕላን ምን ታውቅና ነው ባለቤት የምትሆነው?»

ነርሷ አልመለሰችም። ወስፌ ሳሙናው እጇ ላይ እየደረቀ መልሷን ጠበቀች። ያቆሰላት የወንድሟ ንግግር አልነበረም፤ እሱ ሲናገር ኖሯል፣ ሲናገር ይኖራል። ነርሷ ግን ወስፌ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ቧንቧውን ከፈተች፣ እንደገና ታጠበች፣ እጇን አደረቀች፣ ፎጣውንም ማዕዘን ለማዕዘን አጥፋ መለሰችው። ስትወጣ ሁለቱም ፈገግ ብለው ተቀበሏት። «ሻይ ልቅዳልሽ እትዬ?» አለች ነርሷ። «ቅጂልኝ» አለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ማር ቀርቧል። የሦስቱም እጅ ወደ ዳቦው ሲዘረጋ አንዱ ከሌላው ላለመነካካት የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር።

ወስፌ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአውሮፕላን ጥገና ግቢ ውስጥ ወንበርና ምንጣፍ ስትሰፋ ኖራለች። ስሙን ያወጡላት የጥገናው ክፍል ወንዶች ናቸው። ቀጭን፣ ሹል፣ ተናጋሪ ናት ለማለት፣ ለሽሙጥ ነበር ያወጡት። እሷ ግን «ወስፌ ቀድሞ ካልበሳ መርፌ የት ይገባል» ብላ ተቀበለችውና ሽሙጡ ማዕረግ ሆኖ ቀረ። ባሏ ከሞተ በኋላ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው የምትኖረው፤ ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ከአባቷ መጋዘን የደረሳት ድርሻ በዚህ ዓለም ላይ ያላት ጥሪት ሁሉ ነው። ያንን ወረቀት ከፈረመች ድርሻው የወንድሟና የእህቷ ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ብልሹ ከሆነ የሦስቱም መና ይቀራል።

አውሮፕላን የመግዛቱ ሐሳብ የነርሷ ነበር። እናታቸው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትወሰድ የሞተችው መኪና ውስጥ፣ ከዘጠኝ ሰዓቱ መንገድ በስድስተኛው ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ነርሷ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ስድስት ወንበር ያለው ያገለገለ ትንሽ ጄት፣ አራቱ ወንበር ተነቅሎ አልጋና ኦክስጅን የሚገባበት፣ የዘጠኝ ሰዓቱን መንገድ በአንድ ሰዓት የሚጨርስ። አብራሪው ከቤት አለ፤ የወንድሟ ልጅ የሌሎችን ትንንሽ ጄት ሲያበር ስምንት ዓመቱ ነው። ወንድሟ መጀመሪያ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሳቀ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ስንት ሆስፒታል ስንት በሽተኛ እንደሚልክ ሲያሰላ፣ ሐሳቡ አትራፊ መሆኑ ገባውና የራሱ ሐሳብ ሆነ። የቤተሰብ ስብሰባ ሁሉ በእሱ ተከፍቶ በእሱ ስለሚዘጋ ዘመዱ በሙሉ ሊቀመንበሩ ይለዋል። «እሱ ሊቀመንበር፣ እኔ ወንበር ሰፊ» ትል ነበር ወስፌ፣ «ያለ እኔ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው።»

በመኪናው ውስጥ ሊቀመንበሩ እየነዳ ስለ ዕቃ አገዛዝ አስተማረ። ሃያ ሁለት የጭነት መኪና በሕይወቱ ገዝቷል፤ በአንዱም አልተሞኘም። «ሦስት ነገር ነው የሚታየው» አለ። «ጎማ፣ ቀለም፣ የሻጩ ዓይን።»

«አባዬ፣ የአውሮፕላን ጎማ በየጊዜው ነው የሚቀየረው» አለ አብራሪው ከጎኑ ሆኖ። «ጎማ ምንም አይነግርህም።»

«ጎማ የማይነግርህ ነገር የለም ልጄ።»

«መርማሪውን እንኳ ራሳችን ብናመጣ ጥሩ ነበር።»

«ደላላው በነጻ አመጣልን አይደል እንዴ። ነጻ ነገር እያለ ምን አስጨነቀህ።»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር፤ ስህተት መሆኑ ግን ለሊቀመንበሩ ሊታየው አይችልም። በእሱ ንግድ መኪናውን የሚመረምረውን መካኒክ የሚያመጣው ደላላው ነው፤ ገዢው ምሳ ይጋብዘዋል፣ በዚህ ያልቃል። መካኒኩ ቢዋሽ በሳምንቱ ገበያው ሁሉ ይሰማና እንጀራው ይዘጋል። በአውሮፕላን ንግድ ግን ሻጩ ከአንድ አገር፣ ደላላው ከሌላ አገር፣ መርማሪው ከሦስተኛ አገር ይመጣሉ፤ ነገ ማንም ማንን አያገኝም። አብራሪው ይህን ለአባቱ ከሦስት ጊዜ በላይ አስረድቷል። ሁለቱን ሞተሮች ግን ለሰው አልተወም፤ ባለፈው ሳምንት የሞተር ባለሙያ ጓደኛውን ይዞ ሄዶ በቀጭን ካሜራ ሆዳቸውን አይቶ፣ መዝገባቸውን ገጽ በገጽ አንብቦ፣ ጤነኛ ናቸው ብሏል። የቀረው አካሉ ነበር፤ አካሉን የደላላው መርማሪ አየው። ወስፌ ከኋላ ወንበር፣ የሥራ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በመስኮቱ የሚያልፉትን የግንባታ ዕቃ መደብሮች ትቆጥር ነበር። ነርሷ አጠገቧ ናት። አንድ ጊዜ እጇን አነሳች፣ የወስፌን ክንድ ልትነካ ይመስል፣ ከዚያ ፀጉሯን አስተካክላ መለሰችው።

አውሮፕላኑ የቆመበት ሃንጋር ትልቅ፣ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ወለሉ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ የሰው ጫማ ድምፅ ከጣሪያው ተመልሶ ይመጣል። በመሀሉ ጄቱ ነጭ ሆኖ፣ ሰማያዊ መስመር በወገቡ ዞሮ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ቀን ያልሠራ ይመስላል። ሊቀመንበሩ ገና ሲያየው ፊቱ በራ። በቀጥታ ወደ ግራው ጎማ ሄዶ በጫማው መታው። ከዚያ ወደ ቀኙ ሄዶ መታው። አብራሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደላላው ወጣት ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። «ዕድላችሁ ነው» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ሦስት ሺህ ሰዓት ብቻ የበረረ። አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ዶላር ለዚህ ስጦታ ነው። ሌላ ገዢ በአሥር ሰዓት ይመጣል፤ ለእናንተ ስል ነው እስከዚያ የያዝኩት።» መርማሪው አጠገቡ ቆሟል፣ አሥራ ሁለት ገጽ ሪፖርት በላስቲክ ሽፋን ይዞ። ወስፌ ሪፖርቱን አላየችም፤ እጁን ነው ያየችው። ጥፍሩ እንደ ባንክ ጸሐፊ የጸዳ ነበር።

«እሷ ወንበሩን ታያለች» አለ ሊቀመንበሩ፣ በአገጩ እየጠቆመ።

«ይግቡ ማዘር» አለ ደላላው፣ ደረጃውን እያሳያት።

«አልወለድኩህም» አለችና ደረጃውን ወጣች።

ውስጡ ጠባብ ነው፤ እንኳን ወንድሟን እሷንም ቀጥ አድርጎ አያስቆማትም። ስድስት ቡናማ የቆዳ ወንበሮች፣ ሁለት ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ትንሽ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መጸዳጃ። ወስፌ ጫማዋን አውልቃ በጉልበቷ ተንበረከከች። ወንበርን ከላይ አይታ አታውቅም፤ ሥራ ያስተማራት ሰውዬ ወንበር የሚታየው ከእግሩ ነው ይል ነበር። ወንበሩ የሚይዘው ወለሉን ነው፤ ወለሉ ከታመመ ወንበሩ ይናገራል። ባትሪዋንና ትንሿን መስታወት ይዛ ወንበሩ ወለሉ ላይ ከሚታሰርበት ሐዲድ ጀመረች። መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ ነካች፣ መቀመጫውን አንስታ የእሳት ፍተሻውን ምልክት አነበበች፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ሃምሳ ደቂቃ ወሰደባት። ከታች ደላላው ሰዓቱን ሲያይ፣ ሊቀመንበሩ ስለ ብረት ዋጋ ሲያወራ ይሰማታል።

«እህስ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ራሱን በበሩ አስገብቶ።

«ወንበሮቹ ደህና ናቸው።»

ቅር አለው። «አንዲት ነገር እንኳ ታጣች? አንዲት ቀዳዳ?»

«የሌለ ቀዳዳ አልቀድም ጋሼ።»

ይህን ብላ ልትነሳ ስትል ነው መዳፏ ምንጣፉ ላይ ያረፈው። ምንጣፍም እንደ ከብት ቆዳ ፀጉር አለው፤ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። የዚህ አውሮፕላን ምንጣፍ ፀጉር ወደ አፍንጫው ነው የተኛው፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ መጋረጃው ድረስ። ከመጋረጃው ወዲያ፣ መጸዳጃው ሥር፣ አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ላይ ፀጉሩ ወደ ጭራው ተኝቷል። ቀለሙ አንድ ነው፤ ዓይን አይለየውም። መዳፍ ግን ለየው። ጎንበስ ብላ ጠርዙን በባትሪ አየች። ስፌቱ አዲስ ነው፤ ክሩ ደግሞ ተራ የጥጥ ክር፣ ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ፣ እሳት ሲያይ ቦግ የሚል። አውሮፕላን ውስጥ እንዲህ ያለ ክር የሚያስገባ ወይ ሥራውን የማያውቅ ነው፣ ወይ ቸኩሏል።

«ይሄን ምንጣፍ ማን ቀየረው?» ብላ ጠየቀች።

«የቱን?» አለ ደላላው። ወጥቶ አየ። «እ፣ ይሄማ ንጽሕና ነው። መጸዳጃ አካባቢ ስለሆነ ቶሎ ይቆሽሻል።»

«የቆሸሸ ምንጣፍ ይታጠባል። የሚቀየረው የበሰበሰ ነው። ከሥሩ እርጥበት ካልመጣበት ደግሞ አይበሰብስም።»

«አንቺ ልጅ» አለ ሊቀመንበሩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለእሱ ግን ዛሬም ልጅ ናት። «ወንበሩን ጨርሰሻል አይደል? ነይ ውረጂ፣ ሰዎቹን አታስቁሚ።»

አልወረደችም። ከቦርሳዋ ወስፌዋን አወጣች፤ እጀታዋ የእንጨት ነው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጣቷን ቅርጽ ይዟል። የጥጡን ክር አንድ ጊዜ ወጋ፣ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። ደላላው «ኧረ እትዬ፣ ንብረት ነው!» እያለ ደረጃው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። ምንጣፉን ስትገልጠው የወለሉ ሰሌዳ ብቅ አለ። ሌላው የወለል ሰሌዳ ሁሉ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጭረት አለበት። ይኸኛው ገና ቀለም የተቀባ ነው፤ ብሎኖቹም እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫሉ።

«ይፈታልኝ» አለች።

መርማሪው ሪፖርቱን ገለጠ። «ይህ ክፍል ተመርምሯል፣ ገጽ ሰባት ላይ አለ። ያለ ሻጩ ፈቃድ ሰሌዳ አይነሳም።»

የሊቀመንበሩን ፊት ደም ሞላው። ሰው ፊት ማፈር አይወድም፤ በተለይ በዘመድ። «እኔ የጠራሁሽ ለምንድነው? ለወንበር ነው የጠራሁሽ። አታዋርጂኝ።» አብራሪው አባቱን አየ፣ አክስቱን አየ። ሃንጋሩ ውስጥ የሆነ ቦታ ብረት ወድቆ ድምፁ ጣሪያውን ዞሮ ተመለሰ። ያን ጊዜ ከታች፣ ከክንፉ ሥር፣ ከቤት ከወጡ ጀምሮ ቃል ያልወጣት ነርሷ ተናገረች።

«ይፈታ» አለች። «በሽተኛ የምጭንበት እኔ ነኝ። እትዬ ይፈታ ካለች ይፈታ።»

አብራሪው ብሎን መፍቻ ይዞ በሁለት እርምጃ ወጣ። «ስምንት ብሎን ነው አባዬ» አለ፣ «ምንም ከሌለ ራሴ መልሼ አጠብቀዋለሁ።» ስምንቱንም ሲፈታ አክስቱ ባትሪውን ያዘችለት። ሰሌዳው ሲነሳ መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የቆየ የመጸዳጃ መድኃኒት ሽታ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። ከዚያ ብርሃኑ ወለሉን ከሥር በተሸከመው አግዳሚ ብረት ላይ አረፈ። ብረት አይመስልም። ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ውሃ ገብቶበት ያበጠ የመጽሐፍ ጥራዝ ነው የሚመስለው፤ ገጽ ከገጽ ተለያይቷል። መጸዳጃው ለዓመታት ጠብ ጠብ ሲል ኖሯል፣ ማንም አላየውም፤ ያየው ሰው ደግሞ ምንጣፍ አለበሰው። ውጭውን ላየ ሙሽራ፣ ውስጡን ለቄስ ማለት እንዲህ ነው። ወስፌ የወስፌዋን ጫፍ አግዳሚው ላይ አድርጋ በመዳፏ ገፋች። አልመታችም፤ ገፋች ብቻ። ጫፉ እስከ ግማሽ ጣት ገባ።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ናና እይ።»

ሊቀመንበሩ ወጣ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ። ለረጅም ጊዜ ጉድጓዱን አየ። ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ብረት ግን አርባ ዓመት ያውቃል። በመጋዘኑ ውስጥ ዝናብ የገባበትን ዘንግ ከደህናው በጨለማ በእጁ ዳስሶ የሚለይ ሰው ነው። ከአግዳሚው ላይ አንዲት ነጭ ቅርፊት አንስቶ በሁለት ጣቱ መሀል አሻት። ቅርፊቷ ወደ ዱቄት ተለወጠች። እንደገና አንስቶ አሻት።

«ይሄ ብረት ሞቷል» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረ። «ገጽ ሰባት ምን ነበር የሚለው?»

መርማሪው ሪፖርቱን ዘጋው።

ከሃንጋሩ እስከ ሽያጭ ቢሮው ድረስ መቶ ሃምሳ እርምጃ የሚሆን ሲሚንቶ አለ፣ ፀሐይ የሚመታው። ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቀድሞ ሄደ፤ ሦስቱ ወንድምና እህቶች ከኋላ፣ አብራሪው ከነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ። ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር የሚሄደው፤ የነጭ ዱቄቱ ምልክት ጣቶቹ ላይ ይታያል። «በቃ» አለ። «እንተወው። ወደ ቤት እንሂድ። አምላክ ነው ያተረፈን።»

«አንተወውም» አለች ወስፌ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ልጅህ በዓይኑ አይቶታል። ወንበሩ ጤነኛ ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ። የሞተው ወለሉ ነው፣ እሱም በጭራው በኩል ያለው ብቻ ነው። እኛ ግቢ እንዲህ ሆነው የመጡ ሁለት አውሮፕላኖች ነበሩ። አግዳሚው ወጥቶ ሌላ ይገባል። አራት አምስት ወር ይፈጃል፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ እስከ ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ይበላል። ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንሰን፣ ለተደበቀብንም ጨምረን አስቀንሰን ብንገዛው፣ ከወለሉ በቀር ሁሉንም የምናውቀው አውሮፕላን ይኖረናል። ሌላ ብንገዛ ግን ምንጣፉ ሥር ምን እንዳለ አናውቅም።»

ወንድሟ ቆመ። ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት አየ።

«ሌላም ነገር አለ» አለች። «ያን የመታጠቢያ ቤትህን ቀዳዳ አስደፍነው ጋሼ። ወጥ ቤት የሚወራው ሁሉ ይሰማል።»

ነርሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሊቀመንበሩ ሩቅ፣ ከመንደርደሪያው የሚነሳ አንድ አውሮፕላን እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ያን ቀንም አልወጣም። «ነይ» አለ ብቻ፣ ቀድሞም ሄዶ የቢሮውን በር ከፈተ፤ ከፍቶም አልገባም። እሷ እስክታልፍ ድረስ በሩን ይዞ ቆመ።

ቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ጣሪያ ላይ አንድ ማራገቢያ፣ ጥግ ላይ ኮምፒውተር የያዘች ጸሐፊ ነበሩ። የሻጩ ድምፅ ከደላላው ስልክ ጮክ ብሎ ይወጣ ነበር፤ ባለ ሆቴል ነው፣ ትዕዛዝ መስጠት የለመደ። አንዲት ሴትዮ ምንጣፉን ቀደደች ተብሎ ተነግሮታል።

«ማናት ይቺ ሴትዮ?» ይላል ስልኩ። «እኔ ከገዢዎቹ ጋር ነው የምነጋገረው። ማናት?»

ደላላው ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ሊቀመንበሩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፤ አሁን ድምፁን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረም።

«ከገዢዎቹ አንዷ ናት» አለ። «እህቴ ናት። የምትልህን ስማ።»

ወስፌ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። ሳትቸኩል፣ ለጓደኛዋ የሥራ ዋጋ እንደምትነግር ሆና፣ ያየችውን በተራ ነገረችው፤ ስንት ክንድ ወለል፣ ስንት አግዳሚ፣ በምን ክር ተሸፍኖ። ሰውዬው አላውቅም አለ፤ ምናልባትም አላወቀም ነበር። ከዚያ ተቆጣ። ከዚያ «በአሥር ሰዓት የሚመጣ ሌላ ገዢ አለኝ» አለ።

«በጣም ጥሩ» አለች። «ለእሱም ምንጣፉን ግለጥለት።»

ማራገቢያው ይዞራል። ደላላው አንገቱን በመሐረብ ጠረገ፤ ሽቶው ላብ ሆኗል። ጸሐፊዋ ጣቶቿን መጻፊያው ላይ እንዳደረገች ስልኩን ታያለች። አብራሪው ከግድግዳው ተደግፎ ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። ስልኩ ዝም ብሎ ሲቆይ ሊቀመንበሩ ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ወስፌ እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። ይህን ሙያ ከእሱ ነው የተማረችው፤ ዋጋ ላይ ዝም ያለ ነው የሚያሸንፈው። አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ አለ ስልኩ። ዝም አለች። አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ። «ሰላም ዋል» ብላ ስልኩን ወደ ደላላው ገፋችውና ተነሳች። አንድ ሚሊዮን ከአንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ሲባል ነው የተነሳችበት ወንበር ላይ ተመልሳ የተቀመጠችው፤ መርማሪውንም ከእንግዲህ እኛ እናመጣዋለን፣ እሱ ከወለሉ ሌላ ነገር ካገኘ ውሉ ይፈርሳል ብላ አስጨመረች። ሰውዬው እሺ አለ። ደላላውም እሺ አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሊቀመንበሩ ከኮቱ ኪስ ሁለት ወረቀት አወጣ። አንደኛው ሁለት ስም ያለበት ውል ነው፤ ሁለተኛው ወዳና ፈቅዳ የሚለው። ሁለተኛውን አራት ቦታ ቀደደና ቅርጫት ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተው። የመጀመሪያውን ለጸሐፊዋ ሰጣት። «እንደገና ይጻፍ» አለ። «ሦስት ስም። እኩል ድርሻ።»

ጸሐፊዋ የወስፌን መታወቂያ እያየች ስትጽፍ ቆይታ «ሥራ?» ብላ ጠየቀች።

«ወንበር ሰፊ።»

«የአውሮፕላን የውስጥ ክፍል ባለሙያ ልበል?»

«ወንበር ሰፊ በይ» አለች ወስፌ። «ምንጣፍም ጨምሪበት።»

ነርሷ ሳቀች፤ ሳቋ መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ፣ ጉንጯን ስትጠርግ ወስፌ መሐረቧን አውጥታ ሰጠቻት። «ጠዋት መናገር ነበረብኝ እትዬ» አለች ነርሷ በሹክሹክታ። «ከሰዓት ተናገርሽ አይደል» አለች ወስፌ፣ «ከነጭራሹ ዝም ካለ ከሰዓት የተናገረ ይሻላል።» ከዚያ ሦስቱም በየተራ ፈረሙ። ወስፌ ስትፈርም ስሟን ሙሉውን ጻፈች፣ ከነአባቷ ከነአያቷ፣ ረጋ ብላ፣ የጠርዝ ስፌት እንደምትሰፋ፤ ሊቀመንበሩም እስክትጨርስ ድረስ ወረቀቱን እንዳይንቀሳቀስ በሁለት ጣቱ ይዞላት ነበር።

ወደ መኪናው ሲመለሱ አብራሪው ከኋላ መጥቶ አክስቱን በትከሻዋ አቀፋትና ከምድር አነሳት፤ ቀላል ነበረች። «አስቀምጠኝ አንተ እብድ» አለች፣ እግሯ አየር ላይ እያለ። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ከልቡ ሳቀ። «ተጠንቀቅ» አለ ለልጁ፣ «እሷን ከጣልካት አውሮፕላኑን ማን ይገዛልናል።» መኪናው ጋ ሲደርሱ የፊተኛውን በር ከፍቶ ጠበቃት፤ አብራሪው ከኋላ ከነርሷ ጋር ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ሊቀመንበሩ ስለ ጎማ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አግዳሚ በምን በምን ብረት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ማን እንደሚያየው ጠየቃት፣ እሷም መለሰችለት፤ አንዳንዱን አታውቀውም ነበርና አላውቅም አለችው።

የወለሉ ሥራ አራት ወር ከሦስት ሳምንት ፈጀ። አውሮፕላኑ የመጀመሪያ በሽተኛውን ያነሳው በሚያዝያ፣ ቅዳሜ ቀን ነው፤ ምጥ የጠናባት የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፣ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፣ እናትም ልጅም ተረፉ። ወስፌ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች። በተቀበረችበት ሳምንት አውሮፕላኑ አራት በሽተኞች አመላልሷል።